የወንዶች የደረት ቀዘፋ አጭር ርቀት ውድድር፦ ከጊቤ ዳርቻ እስከ ዓለም ሻምፒዮና ያለው መንገድ
ለጅማና ለአካባቢዋ የቡና ከተሞች ወጣቶችና ወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ሸቤና ጌራ በቡናቸው የታወቁትን ያህል የውሃ አገርም ናቸው። አዌቱ የጅማን ከተማ አቋርጦ ያልፋል፤ ጊቤ፣ ጎጀብና ዴዴሳ ከዚሁ ደጋና ወይና ደጋ የሚወርደውን ውሃ ይሰበስባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኃይል ማመንጨት የጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም በጅማ ዞን ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ዋናን የሚማረው ብዙውን ጊዜ ያለ አሠልጣኝ፣ ከእኩዮቹ ጋር፣ በወንዝ ዳር ነው።

ከዚህም የተነሳ ወላጆችና ወጣቶች በተደጋጋሚ የሚያነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በዓለም ሻምፒዮና የሚታየው የደረት ቀዘፋ ውድድር በምን ደንብ ይዳኛል? ከጅማ የሚነሳ ዋናተኛ እዚያ ለመድረስ በየት በኩል ማለፍ አለበት? ውድድር የማይፈልግ ልጅስ ከዚህ ስፖርት ምን ይጠቀማል? ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማብራሪያ ይሰጣል።

1. የደረት ቀዘፋ ምንድን ነው?

በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ያላቸው የዋና ዓይነቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ነፃ ቀዘፋ፣ ጀርባ ቀዘፋ፣ ቢራቢሮ ቀዘፋ እና ደረት ቀዘፋ ናቸው። በደረት ቀዘፋ ዋናተኛው በደረቱ ተኝቶ ሁለቱን እጆቹን በአንድ ጊዜ ከፊቱ ዘርግቶ ወደ ጎን ይከፍታል፤ ከዚያም ወደ ደረቱ ሰብስቦ እንደገና ወደ ፊት ይዘረጋል። እግሮቹም በተመሳሳይ ሁኔታ ጉልበት ላይ ታጥፈው፣ የእግር መዳፍ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ። በተለምዶ «የእንቁራሪት ዋና» የሚባለው ከዚህ እንቅስቃሴ በመነሳት ነው።

ደረት ቀዘፋ ከአራቱ ዓይነቶች ሁሉ ዝግተኛው ነው። ምክንያቱም እጅም ሆነ እግር ለሚቀጥለው ምት ሲሰበሰቡ በውሃው ውስጥ ወደ ፊት ስለሚንቀሳቀሱ ውሃው ሰውነትን መልሶ ይይዘዋል። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ያህል፣ የቻይናው ፓን ዣንሌ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ46.40 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። በደረት ቀዘፋ የእንግሊዙ አዳም ፒቲ እ.ኤ.አ. በ2019 በኮሪያዋ ጓንግጁ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ያስመዘገበው የ100 ሜትር ክብረ ወሰን 56.88 ሰከንድ ነው። በአንድ ዓይነት ርቀት ከአሥር ሰከንድ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ በደረት ቀዘፋ አሸናፊነት በጡንቻ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ውሃው እንዳይዘው የማድረግ ችሎታን ይጠይቃል።

2. አጭር ርቀት የሚባለው የትኛው ነው?

በዓለም ሻምፒዮና የደረት ቀዘፋ በ50፣ በ100 እና በ200 ሜትር ይካሄዳል። አጭር ርቀት የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የ50 ሜትር ደረት ቀዘፋ በዓለም ሻምፒዮና መርሐ ግብር የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓኗ ፉኩዎካ ሲሆን፣ በኦሊምፒክ ግን እስከ ፓሪስ ድረስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ በሚካሄደው ኦሊምፒክ እንዲካተት ተወስኗል። ይህ ውሳኔ በአጭር ርቀት ብቻ ለሚበረቱ ዋናተኞች አዲስ በር የከፈተ ነው።

የ50 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን 25.95 ሰከንድ ሲሆን፣ ይህንንም አዳም ፒቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና አስመዝግቦታል። በአማካይ በሰከንድ ወደ 1.93 ሜትር መጓዝ ማለት ነው። ፒቲ በልጅነቱ ውሃ ይፈራ እንደነበር መታወቁ ዛሬ ልጆቻቸው ወደ ገንዳ መግባት ለሚፈሩባቸው ወላጆች የሚያጽናና ነው።

አፍሪካም በዚህ ውድድር ታሪክ አላት። የደቡብ አፍሪካው ካሜሮን ቫን ደር በርግ እ.ኤ.አ. በ2009 በሮም እና በ2013 በባርሴሎና የ50 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክም የ100 ሜትር ደረት ቀዘፋን በ58.46 ሰከንድ፣ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ ሰዓት አሸንፏል።

3. ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄደው ርዝመቱ 50 ሜትር በሆነ ገንዳ ነው። የ50 ሜትሩ ውድድር ያለ መዞሪያ በአንድ ጉዞ ይፈጸማል፤ የ100 ሜትሩ አንድ መዞሪያ አለው። ተወዳዳሪዎች በመጀመሪያ በማጣሪያ ይዋኛሉ፤ ፈጣኖቹ 16 ዋናተኞች ወደ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከእነርሱም 8ቱ ወደ ፍጻሜ ያልፋሉ። በፍጻሜው የተሻለ ሰዓት ያስመዘገበው ዋናተኛ በመሐል፣ በ4ኛው መም ይሰለፋል።

ሰዓት የሚለካው በገንዳው ግድግዳ ላይ በተገጠመና ሲነካ በሚመዘግብ ሰሌዳ ሲሆን ልኬቱ እስከ መቶኛ ሰከንድ ይደርሳል። ይህ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ፍጻሜ ታይቷል። የጣሊያኑ ኒኮሎ ማርቲነንጊ በ59.03 ሲያሸንፍ፣ ፒቲና የአሜሪካው ኒክ ፊንክ ሁለቱም በ59.05 ሁለተኛ ሆነው ሁለት የብር ሜዳሊያ ተሰጥቷል፤ የነሐስ ሜዳሊያ ግን አልተሰጠም። ወርቁን ከብር የለየው ሁለት መቶኛ ሰከንድ፣ ማለትም ግድግዳውን በተዘረጋ እጅ በመንካትና ሳይዘረጉ በመንካት መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

4. ዳኞች የሚመለከቷቸው ዋና ዋና ደንቦች

ደረት ቀዘፋ ከሌሎቹ ይልቅ ዋናተኞች በደንብ ጥሰት ከውድድር የሚሰረዙበት ዓይነት ነው። በወንዝ የተማረ ልጅ ፈጣን ቢሆንም እንኳ ደንቡን ካላወቀ ሰዓቱ አይመዘገብለትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከተሉትን መልመድ ያስፈልጋል።

• ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜና በአንድ አግድም መስመር መንቀሳቀስ አለባቸው። ከመነሻና ከመዞሪያ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ምት በስተቀር እጆች ከዳሌ መስመር አልፈው ወደ ኋላ መሄድ አይችሉም።
• ክርኖች በውሃ ውስጥ መሆን አለባቸው። ይህ የማይመለከተው ከመዞሪያ በፊት ያለውን የመጨረሻ ምት፣ መዞሪያውን ራሱን እና የፍጻሜውን የመጨረሻ ምት ነው።
• በእያንዳንዱ የእጅና የእግር ዙር ውስጥ ጭንቅላት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከውሃው በላይ መውጣት አለበት።
• በሚገፋበት ጊዜ ሁለቱም የእግር መዳፎች ወደ ውጭ መዞር አለባቸው። እግርን እንደ መቀስ ማማታት ወይም እያፈራረቁ መምታት ክልክል ነው።
• ከመነሻና ከእያንዳንዱ መዞሪያ በኋላ፣ ከመጀመሪያው የደረት ቀዘፋ የእግር ምት በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለቱን እግሮች እንደ ቢራቢሮ ወደ ታች መምታት ይፈቀዳል።
• በመዞሪያና በፍጻሜ ግድግዳው በሁለቱም እጆች፣ በአንድ ጊዜ፣ እጆች ተለያይተው መነካት አለበት። በአንድ እጅ የነካ ዋናተኛ ይሰረዛል።
• ከመነሻ ምልክቱ በፊት የተንቀሳቀሰ ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ከእነዚህ መካከል የቢራቢሮው ምት ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ የጃፓኑ ኮሱኬ ኪታጂማ በ100 ሜትር ካሸነፈ በኋላ በውሃ ውስጥ ያልተፈቀደ ምት ተጠቅሟል የሚል አቤቱታ ከተፎካካሪ ቡድን ተሰምቶ ነበር፤ ውጤቱ ግን ጸንቷል። በዓመቱ ደንቡ ተሻሽሎ አንድ ምት ተፈቀደ። ከለንደን ኦሊምፒክ በኋላም ቫን ደር በርግ ከአንድ በላይ ምት እንደተጠቀመ፣ ሌሎችም እንደሚያደርጉት፣ በግልጽ ተናግሯል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ዳኛ ከውሃው በላይ ቆሞ ከውሃው በታች የሚሆነውን ሁሉ ማየት እንደማይችል፣ ስለሆነም የስፖርተኛው ሕሊና የደንቡ አካል መሆኑን ነው።

5. ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ዋና

አገራችን በሩጫ እንጂ በዋና አትታወቅም። ሆኖም ዋናተኞቻችን በተከታታይ ኦሊምፒኮች ተሳትፈዋል። በ2012 በለንደን ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም፣ በ2016 በሪዮ ሮቤል ኪሮስ፣ በቶኪዮ አብድልማሊክ ሙክታር፣ በ2024 በፓሪስ ሊና ዓለማየሁ ተወዳድረዋል። እነዚህ ተሳትፎዎች በነፃ ቀዘፋ የተደረጉ ናቸው። በደረት ቀዘፋ ሊጻፍ የሚችለው ታሪክ ገና ባለቤቱን የሚጠብቅ ነው ማለት ይቻላል።

በሪዮ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሮቤል ኪሮስ 1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ አስመዝግቧል፤ የውድድሩ አሸናፊ አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው የዋኘው በ47.58 ሰከንድ ነበር። በወቅቱ በአገር ውስጥ ስለ አመራረጡ ሰፊ ክርክር ተነስቶ እንደነበር ይታወሳል። ከዚህ ለወደፊት የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። በይፋ ውድድር፣ በተለካ ገንዳ፣ በዳኞች ፊት የተመዘገበ ሰዓት ተመራጩንም ያልተመረጠውንም እኩል ይጠብቃል። ጅማ ውስጥ ያለ ወጣት ከማንም ጋር እኩል ሆኖ ሊቀርብ የሚችለው በእጁ የተመዘገበ ሰዓት ሲኖር ነው።

6. ወደ ዓለም ሻምፒዮና የሚወስደው መንገድ

የዓለም ዋናን የሚመራው አካል ወርልድ አኳቲክስ (ቀድሞ ፊና) ይባላል። ለእያንዳንዱ ሻምፒዮና «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት የሰዓት ደረጃዎችን ያወጣል። አንድ አገር በአንድ ውድድር ሁለት ዋናተኞችን ለማሰለፍ ሁለቱም «ሀ»ን ማሟላት አለባቸው፤ «ለ»ን ያሟላ ካለ ግን አንድ ማሰለፍ ይችላል። ደረጃውን ያሟሉ ዋናተኞች የሌሏቸው አገሮችም በቁጥር የተወሰኑ ተወዳዳሪዎችን እንዲልኩ ይፈቀድላቸዋል። በኦሊምፒክም ተመሳሳይ ዓላማ ያለው፣ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት የሚሰጥ የተሳትፎ ዕድል አለ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ለዓለም ሻምፒዮና ተወዳዳሪ የሚያስመዘግበው የአገሪቱ የዋና ፌዴሬሽን ብቻ ነው። ግለሰብ፣ ደላላ ወይም የጉዞ ወኪል ዋናተኛን በራሱ ማስመዝገብ አይችልም። «ልጅዎን ውጭ አገር እናወዳድራለን፤ ለምዝገባና ለቪዛ ይክፈሉ» የሚል ሰው ቢቀርብዎ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት በቅርብ የሚገኘውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የቡና መሸጫ ወቅት ሲደርስ ቤተሰብ እጅ ላይ ገንዘብ መኖሩን የሚያሰሉ አታላዮች እንዳይጠቀሙብዎ ይጠንቀቁ።

ወጣቱ ከሚኖርበት ከተማ ሳይወጣ ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የጤና ምርመራ ማድረግ። በተለይ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ አስምና የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ጠንካራ ልምምድ መጀመር የለበትም።

ለ) የልደት ምስክር ወረቀትን አስተካክሎ መያዝ። ዕድሜን መቀነስ ለጊዜው ጥቅም ቢመስልም፣ በኋላ በፓስፖርትና በትምህርት ማስረጃ ላይ የሚታየው ልዩነት ወጣቱን ከውድድር ያስወጣዋል።

ሐ) በወረዳው ወይም በከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በአካባቢው ያለውን ክለብ፣ አሠልጣኝ ወይም የትምህርት ቤት ውድድር መጠየቅ። ክለብ ከሌለ ፍላጎት ያላቸው ወጣቶች በአንድነት ቀርበው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያስገቡ ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ያገኛል።

መ) የሚለማመዱበትን ገንዳ በሜትር መለካት። የሆቴል ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ 25 ሜትር አይሞሉም። በ18 ሜትር ገንዳ የተያዘ ሰዓት ከ50 ሜትር ገንዳ ሰዓት ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ በእያንዳንዱ መዞሪያ ግድግዳን በእግር መግፋት ፍጥነት ይጨምራልና። በ25 ሜትር ገንዳ የተመዘገበ ሰዓትም ቢሆን የገንዳው ርዝመት ተገልጾ ሊጻፍ ይገባል።

ሠ) የልምምድ መዝገብ መያዝ። ቀኑ፣ ርቀቱ፣ የገንዳው ርዝመት፣ ሰዓቱና ለ50 ሜትር የተወሰደው የምት ብዛት ይጻፍ። በተመሳሳይ ሰዓት የምቱ ብዛት ከቀነሰ ዋናተኛው ውሃውን በተሻለ ሁኔታ እየተጠቀመበት ነው ማለት ነው።

7. ቡና፣ ጫትና የአበረታች ቅመሞች ደንብ

በቡና አገር የሚያድግ ስፖርተኛ ቡና መጠጣት ይከለከላል ወይ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። አይከለከልም። በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ከዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የክልከላ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ አጠቃቀሙ በክትትል ሥር ቢሆንም የተከለከለ አይደለም።

የጫት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በውድድር ወቅት የተከለከለ ሲሆን፣ ካቲን የተባለውም በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ እንደ ጥሰት ይቆጠራል። በአካባቢው ጫት መቃም የተለመደ በመሆኑ ወጣቶች ይህንን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። «አላወቅኩም ነበር» ማለት ከቅጣት አያድንም።

8. ውድድር ለማይፈልጉትም፦ ዋና ሕይወት ነው

አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገምታል፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በዚሁ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 25 የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ሲሆን፣ በጅማ አካባቢ ወንዞች ሞልተው የሚፈሱበት ወቅት ነው።

ከዋና ዓይነቶች መካከል ለሕይወት ማዳን ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ደረት ቀዘፋ ነው። ዋናተኛው በዝግታ ሲዋኝ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አድርጎ ዳርቻውን ማየት፣ መተንፈስና መጣራት ይችላል። ለሻምፒዮናው ፍጥነት የሚሠራው ምት፣ በዝግታ ሲሠራ፣ ሕፃን ልጅን ወደ ዳር የሚያደርስ ምት ነው።

በአካባቢያችን የሚከተሉት ጥንቃቄዎች እንዲደረጉ ይመከራል።

• በክረምት የሞላ ወንዝ ዋናተኛንም ይወስዳል። ከላይ በተራራ የዘነበ ዝናብ እታች ፀሐይ እያለ ሊደርስ ስለሚችል የውሃው ቀለም ሲደፈርስ ወዲያውኑ መውጣት ያስፈልጋል።
• የግድብ ሐይቅ ዳርቻ ለዓይን ጥልቀት የሌለው ቢመስልም በድንገት ይጠልቃል፤ ጭቃውም እግር ይይዛል። ልጆች ብቻቸውን እንዳይገቡ ይደረግ።
• በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚቆፈሩ የፍሳሽ ጉድጓዶች ለመዋኛ አይሆኑም። ገጽታቸው በገለፈት ተሸፍኖ ጥልቀታቸው አይታይም። ባለንብረቶች እንዲያጥሯቸው፣ ወላጆችም በቡና ለቀማ ወቅት ልጆቻቸውን እንዲከታተሉ ይመከራል።
• ቀስ ብሎ በሚፈስ ወይም በተኛ ውሃ ውስጥ የቢልሃርዝያ በሽታ ሊኖር ይችላል። በእንዲህ ያለ ውሃ የሚዋኙ ልጆች ሆዳቸውን ካመማቸው ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።
• ሰው ሲሰጥም ተከትሎ መዝለል ሁለት ሰው ያሰጥማል። በቅድሚያ ረዥም እንጨት፣ ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወርወርለት፤ በተመሳሳይ ጊዜም ሰው ይጠራ።

9. በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ልጄ 15 ዓመት ሆኖታል፤ ጊዜው አልፏል ወይ?
ለዓለም ክብረ ወሰን የሚዘጋጁ ዋናተኞች ከዚህ ቀደም ብለው የሚጀምሩ ቢሆንም፣ ደንቡን ለመማር፣ በአካባቢ ውድድር ለመሳተፍና ሕይወትን ለማዳን ዘግይቷል የሚባል ዕድሜ የለም።

ውድ የዋና ልብስ ያስፈልጋል ወይ?
ለልምምድ አያስፈልግም። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር መላ ሰውነትን የሚሸፍኑ ልብሶች የተከለከሉ ሲሆን፣ ወንዶች የሚለብሱት ከወገብ እስከ ጉልበት ብቻ ነው።

ገንዳ በሌለበት ከተማ ምን ማድረግ ይቻላል?
የእግሩን አገፋፍ፣ የቁርጭምጭሚትና የዳሌ መተጣጠፍን፣ የትከሻ ጥንካሬን በየብስ መለማመድ ይቻላል። ሆኖም ያለ ተቆጣጣሪ ወደ ወንዝ መግባት የገንዳ ምትክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በመጨረሻም፣ ጅማ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲያሸንፍ እንደታየው፣ ከአካባቢው የሚነሳ ስፖርት አገርን ሊያስደንቅ ይችላል። በዋናም እንዲሁ እንዲሆን መነሻው ሜዳሊያ አይደለም። መነሻው አንድ ልጅ በጥበቃ ሥር ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት እጁን በአንድ ጊዜ ዘርግቶ፣ ግድግዳውን ነክቶ በሰላም መውጣቱ ነው። ለተጨማሪ ማብራሪያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የወረዳ ወይም የከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው እንዲጠይቁ በአክብሮት እናሳስባለን።